የአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ታሪክና መልክዓ ምድር እንዴት ይጠናል?

ከካርታ ጀምሩ። በኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ ብሔራዊ የካርታ ሥራ ድርጅት) 1፡25,000 ካርታ 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የእርሻ አጥር ሳይቀር ይታያል። የአጥቢያውን ወሰን በእርሳስ አውጡ፤ አንድ አጥቢያ ብዙ መንደሮችን ሊይዝ ስለሚችል መዝገብ ስትፈልጉ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ በ1086 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጠናቀረውን የዱምስዴይ መዝገብ፣ ማለትም ንጉሥ ዊልያም ቀዳማዊ ያስጠናቀረውን የእንግሊዝ የመሬትና የሀብት መዝገብ፣ እዩ። የሚቆጥረው በአብዛኛው አባወራዎችን ነው። 20 ቢል 20 ነፍስ እንዳይመስላችሁ፤ በ5 ገደማ አባዙት።

የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እስከ 1751 ድረስ አዲሱ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ በሜይ 1720 የተጋቡ ጥንዶች ልጅ በፌብሩዋሪ 1720 ተጠመቀ የሚል ብታገኙ ስህተት አይደለም፤ ጥምቀቱ በዛሬው አቆጣጠር 1721 ነው። ሁለቱንም ዓመት 1720/21 ብላችሁ ጻፉ።

ለመሬቱ ከሁሉ የሚሻለው በ1836ቱ ሕግ መሠረት ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈለውን አስራት ለመተመን የተሠራው የአስራት ካርታ ነው። እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር አለው፤ አብሮት ያለው ሰንጠረዥ ባለቤቱን፣ ተከራዩን፣ ብዙ ጊዜም የማሳውን ስም ይነግራችኋል። ለሁሉም መንደር ግን አልተሠራም።

በ1841 የሕዝብ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜ ወደ ታች በ5 ተጠጋግቷል፦ 39 የሆነው 35 ተብሏል።

በመጨረሻ በእንግሊዝ ክረምት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ)፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ የግጦሽ መስኩን በእግር ዙሩ። ጥላው ተከታታይ ጉብታና ሸለቆ ካሳያችሁ የመካከለኛው ዘመን በሬዎች ያረሱት ትልም ሊሆን ይችላል።