ከጅማ ቡና ጭናችሁ ለምትወጡ ሾፌሮች

ጊቤ ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚለቅ አሁንም አለ። እባካችሁ ተዉት። ፍሬኑ ከጋለ፣ ያን ሁሉ ጭነት የሚይዝላችሁ ነገር የለም። ደግሞም አይቆጥብም፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ናፍጣውን ራሳቸው ይዘጉታል፣ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ነው የሚወርደው።

ሌላው ጎማ ነው። ጠዋት ሳትነሱ፣ ገና ሳይሞቅ፣ ንፋሱን በጌጅ ለኩ። በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ማለፍ አይበቃም፣ በተለይ የኋላው የውስጠኛው ጎማ ጎድሎም ከውጪ አያስታውቅም።

ወረፋ ላይ ስትቆሙም ሞተሩን አጥፉት። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ ወደ 2.6 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ጭሱን ደግሞ መጀመሪያ የሚስበው አጠገቡ የቆመው ረዳታችሁ ነው።