በወተት ውስጥ ያለውን ካልሲየም በአቶሚክ አብዞርፕሽን የመለካት አሠራር

አንድ ኪሎ ግራም የላም ወተት ወደ 1,200 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ሲይዝ፣ ዚንኩ 4 ሚሊ ግራም አካባቢ፣ ብረቱ ደግሞ ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው። መጠናቸው ይህን ያህል ስለሚራራቅ ሁሉንም ማዕድናት በአንድ ዓይነት የማቅጠን ልክ ማንበብ አይቻልም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ካልሲየምን ብቻ ይመለከታል፤ አቶሚክ አብዞርፕሽንም የማዕድኑ አቶሞች በነበልባል ውስጥ የሚውጡትን ብርሃን በመለካት መጠኑን የሚያውቅ ዘዴ ነው።

የብርጭቆ ዕቃዎቹ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ተዘፍዝፈው ካደሩ በኋላ በዲአዮናይዝድ ውሃ (የሟሙ ማዕድናት በተወገዱለት ውሃ) ሦስት ጊዜ ይለቅለቃሉ። ናሙናው በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሰብሰብ። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ለመዓዛው ተወዳጅ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የእንጨት አመድ ራሱ ካልሲየምና ፖታሲየም አለውና። ቅባቱ ከላይ የሰፈፈ ወተት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ፣ ቀስ ተብሎ ተገላብጦ፣ ወደ 20 ዲግሪ ከተመለሰ በኋላ ይመዘናል።

5 ግራም ወተት በሸክላ ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ትንሽ ዕቃ) ተመዝኖ በውሃ መታጠቢያ ላይ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል፦ እርጥቡ ወተት በቀጥታ ምድጃ ውስጥ ከገባ ይኮፈሳል፣ ይፈናጠራል፣ የፈሰሰውም ተመልሶ አይቆጠርም። የደረቀው ናሙና በጭስ መሳቢያ ሥር በማሞቂያ ሳህን ላይ ጭሱ እስኪያበቃ ከከሰለ በኋላ ወደ ምድጃው ይገባል፤ ሙቀቱም ቀስ በቀስ ወደ 550 ዲግሪ ከፍ ብሎ አመዱ ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ እስኪሆን ይቆያል። ጥቁር ነጥብ ከቀረ ሙቀቱን መጨመር ሳይሆን ክሩሲብሉን አቀዝቅዞ፣ ጥቂት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ ጨምሮ፣ አድርቆ መመለስ ይሻላል።

አመዱ በትንሽ ናይትሪክ አሲድ ሟሙቶ፣ ክሩሲብሉም ታጥቦ፣ በ50 ሚሊ ሊትር ፍላስክ እስከ ምልክቱ ይሞላል። ከዚህ 2 ሚሊ ሊትር ወደ ሌላ የ50 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ተወስዶ 5 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ ላንታነም ክሎራይድ ይጨመርበትና በውሃ ይሞላል። በእኔ አስተያየት ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ላንታነም መርሳት ነው። የወተት ፎስፌት በአየርና አሴቲሊን ነበልባል ውስጥ ካልሲየምን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ መሣሪያው ምንም እንከን ሳይኖርበት ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ላንታነም ግን ፎስፌቱን ወደ ራሱ ስቦ ካልሲየሙን ነጻ ያወጣል። ከ1 እስከ 5 ሚሊ ግራም በሊትር የሚዘጋጁት ስታንዳርዶችም (የካልሲየም መጠናቸው የታወቀ ማነጻጸሪያ ፈሳሾች) ያንኑ መጠን ላንታነምና አሲድ መያዝ አለባቸው።

ንባቡ በ422.7 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ይወሰዳል። መሣሪያው 4.8 ሚሊ ግራም በሊትር ቢያሳይ፣ በ25 ሲባዛ 120 ይሆናል፤ በመጀመሪያው 50 ሚሊ ሊትር ውስጥ 6 ሚሊ ግራም ነበረ ማለት ነው፤ ይህም ለ5 ግራም ወተት ሲካፈል በኪሎ ግራም 1,200 ሚሊ ግራም ይሰጣል።

ከናሙናዎቹ ጋር ባዶ ክሩሲብል እንደ ብላንክ (ወተት የሌለበት ማነጻጸሪያ) ሁሉንም ደረጃ ያልፋል፤ ንባቡም ከናሙናው ንባብ ይቀነሳል። የብላንኩ ንባብ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ብቻ ቢሆን እንኳ በስሌቱ ላይ በኪሎ ግራም 50 ሚሊ ግራም ስለሚያክል አይናቅም፤ ከፍ ካለ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎም ላንታነሙ ይፈተሽ። በሌላ በኩል መጠኑ የታወቀ ካልሲየም ገና ሳይቃጠል በተጨመረበት ናሙና ላይ የተመለሰው መጠን ከ90 በመቶ በታች ከሆነ፣ ያ ዙር ሪፖርት ሳይደረግ ከማቃጠሉ ጀምሮ ይደገማል።