ከፋብሪካ ሲለቁ የሚገባዎን ጥቅም እንዴት ለይተው ይጠይቁ

ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚለቅ ሠራተኛ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት የሕግ መብቱን፣ የችግረኛ ድጋፍንና የአሠሪውን ችሮታ ይለይ። ሦስቱን ደባልቆ የሚጽፍ መብቱን ልመና ያስመስለዋል።

የስንብት ክፍያ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት የተሰናበተ ያገኘዋል፤ በፈቃዱ የለቀቀ ግን ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገል አለበት። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል። በቀን 200 ብር የሚያገኝና በቅነሳ የወጣ የ3 ዓመት ሠራተኛ 6,000 ሲደመር 2,000 ሲደመር 2,000፣ በድምሩ 10,000 ብር ይሆንለታል፤ በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ለወጣ የሚታከለው የ60 ቀን ደመወዝ 12,000 ብር ሲጨመር 22,000 ብር ይደርሰዋል። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ለጡረታ ከደመወዝዎ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የተቆረጠው ገቢ ሳይደረግ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ የደመወዝ ወረቀትዎን በየወሩ ያስቀምጡ።

የስንብት ክፍያ ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ለፍርድ ቤት ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የጊዜ ገደቡ በማለፉ፣ ይታገዳል። «ነገ ና» እየተባሉ ወራት እንዳያልፉብዎ ጥያቄዎን ለአሠሪው በጽሑፍ ያስገቡ፤ በቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀንና የተቀባዩን ፊርማ ያስፍሩ።

የችግረኛ ድጋፍ የሆነውን የከተማ ሴፍቲኔት ለማግኘት ከሥራ መውጣት ብቻ አይበቃም፤ የሚታየው የቤተሰቡ ኑሮ ነው።

ፋይልዎን ለማስፈጸም «የሻይ» የሚጠይቅ ባለጉዳይ አስተናጋጅ ካለ አይስጡ፤ መስጠቱም ወንጀል ነው።