በፈረስ ማሰማሪያና በጓሮ አትክልት መካከል የሚቆም አጥር፦ ለጅማ ግቢዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ፈረስና አትክልት አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው። በአንድ ወገን ጎመን፣ ቲማቲም፣ እንሰትና አቦካዶ ይበቅላል፤ በሌላው ወገን ጋሪ የሚጎትት ወይም ለግልቢያ የሚያገለግል ፈረስ ይውላል። ፈረስ በዚህ አገር ክብር ያለው እንስሳ ነው፤ በጅሬን ቤተ መንግሥታቸው የሚታወሱት የንጉሥ አባ ጅፋር መጠሪያ ራሱ የፈረስ ስም ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል የሚቆመው አጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚታቀደው ለጎመኑ ታስቦ ነው፤ ፈረሱ እንዳያልፍ እንጂ ፈረሱ እንዳይጎዳ አይታሰብም። እኔ ከዚህ በተቃራኒ መጀመር ይገባል ባይ ነኝ፦ አጥሩ በቅድሚያ ለፈረሱ እግር፣ ዓይንና አንገት ተስማሚ ሆኖ ከተሠራ አትክልቱም በዚያው ይጠበቃል።

ፈረስ ሲደነግጥ መጀመሪያ ይሮጣል፤ የሚያየውን የሚመረምረው ከሮጠ በኋላ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን አሰፍቶ ያያል፤ ቀጭን ሽቦ ግን ከበስተኋላው ካለው ቅጠል ጋር ተመሳስሎ ይጠፋበታል። በተጨማሪም ሣር ላይ መንከባለል፣ ሰውነቱን በቋሚ ማከክና አንገቱን አስግጎ ከአጥር ማዶ ያለውን ለምለም ነገር መቅመስ የዘወትር ልማዱ ነው። ስለዚህ አጥሩ ከሩቅ የሚታይ፣ ሲጋጩት የማይቆርጥና ሲደገፉት የማይወድቅ መሆን አለበት።

ከዚህ አንጻር እሾሃማ ሽቦ ለፈረስ ፈጽሞ አይሆንም። ላምና በሬ እግራቸው ሽቦ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቆም ይላሉ፤ ፈረስ ግን እግሩን ለማስለቀቅ እየታገለ ቆዳውንና ጅማቱን እስከ አጥንት ይቀደዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሴ ባዝራ ጎመን ለመድረስ ስትሞክር የፊት እግሯን በእንዲህ ዓይነት ሽቦ ቆርጣ ከሁለት ወር በላይ ሥራ ፈትታ ቆማለች፤ ሽቦውን የተከልኩት እኔ ስለነበርኩ ጸጸቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። በጅማ የአየር ጠባይ ደግሞ ቁስሉ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው በፈንገስ የሚመጣ በሽታ፣ ሞቃትና እርጥበታማ በሆኑ የአገራችን ክፍሎች የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚያጠቃ ሲሆን፣ ወደ ሰውነት ከሚገባባቸው መንገዶች ዋነኛው የተከፈተ ቁስል ነው፤ ዝንቦችም ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛምቱታል። በተጨማሪም ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ይልቅ ለቴታነስ የተጋለጠ ነው። በመሆኑም በአጥር የተቆረጠ ፈረስ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ በዕለቱ ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት፤ ከተማችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት እንደ መሆኗ ባለሙያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ቆርቆሮ በከተማው ውስጥ በጣም የተለመደ የአጥር ዕቃ ነው፤ ፈረስ በሚውልበት ወገን ግን እኔ አልመክረውም። የታችኛው ጠርዙ በፈረስ እግር ልክ ላይ የሚገኝ ምላጭ ነው፤ ምስማሩ ሲላላም በነፋስ እየተንኳኳ እንስሳውን ያስደነግጣል። ቀድሞ የተሠራ የቆርቆሮ አጥር ካለ ማፍረስ ላያስፈልግ ይችላል፤ ከፊቱ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ገባ ብሎ፣ የእንጨት አግዳሚ አቁሞ ፈረሱ ቆርቆሮው ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ይበቃል።

ለአካባቢያችን ከሁሉ የሚሻለው ልጡ የተላጠ የባሕር ዛፍ ቋሚና አግዳሚ ነው፤ በቀላሉ ይገኛል፣ ከሩቅ ይታያል፣ የተሰበረው ብቻ ተለይቶ ይተካል። የአገራችን ፈረስ ቁመቱ ከትከሻው ጫፍ ሲለካ በአብዛኛው ከ1.40 ሜትር ስለማይበልጥ፣ የላይኛው አግዳሚ ከመሬት 1.40 ሜትር ቢሆን ለረጋ ፈረስ ይበቃል፤ ድንጉላ ከሆነ ከ1.50 ሜትር ማነስ የለበትም። የታችኛው አግዳሚ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር፣ መካከለኛው 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀመጥ። በአግዳሚዎች መካከል ያለው ክፍተት የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ እግር ቢገባ በቀላሉ ይወጣል ወይ? ክፍተቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ይወጣል፤ ኮቴ ጨርሶ የማያስገባ ጠባብ ከሆነም ችግር የለም፤ አደገኛው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ኮቴ አስገብቶ የማያስወጣው ልክ ነው። በዚሁ ምክንያት ዓይኑ ሰፊ የሆነ የመረብ ሽቦ ለፈረስ ወጥመድ ነው፤ መረብ መጠቀም ግድ ከሆነ የእያንዳንዱ ዓይን ስፋት ከ5 በ10 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ውርንጭላ ካለ አራተኛ አግዳሚ መጨመር ያስፈልጋል።

አግዳሚዎቹ የሚመቱት ከቋሚው በፈረሱ ወገን ነው። ብዙ አናጺዎች ለውበት ሲሉ ከውጭ ይመቱታል፤ ነገር ግን ፈረስ ሲደገፍ ግፊቱ ምስማሩን እየነቀለ አግዳሚውን ወደ አትክልቱ ይጥለዋል። ከውስጥ የተመታ አግዳሚ ግን በተገፋ ቁጥር ቋሚው ላይ ይበልጥ ይጣበቃል። የምስማሩ ጫፍ በሌላው ወገን ከወጣ መታጠፍ አለበት። ለ30 ሜትር አጥር ቋሚዎቹ በየ2.5 ሜትሩ ቢቆሙ 13 ቋሚና፣ በየክፍሉ ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው 36 አግዳሚ ያስፈልጋል፤ ይህን ስሌት ይዞ ገበያ መውጣት ገንዘብ ያተርፋል።

ቋሚው 2.10 ሜትር፣ ለድንጉላ ደግሞ ቢያንስ 2.20 ሜትር ርዝመት ኖሮት 70 ሳንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ ይገባል። በጅማ ዋናው የቋሚ ጠላት ምስጥና እርጥበት ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚጥልበት ቦታ ያልታከመ ባሕር ዛፍ የሚበሰብሰው ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ነው። ጥድ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ እንጨት ነው፤ ዋጋው ስለሚከብድ ለማዕዘንና ለበር ቋሚዎች ብቻ ማዋሉ ብልህነት ነው። ለሌሎቹ ጉድጓዱን በጠጠር አልብሶ ውኃ እንዲያሳልፍ ማድረግ፣ የቋሚውንም አናት በሰያፍ መቁረጥ ዕድሜ ይጨምራል። ብዙ ሰው ቋሚውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ይህን በዚህ አጥር ላይ እንዳያደርጉት አጥብቄ እለምናለሁ፤ ፈረስ እንጨት ያኝካል፣ ዘይቱም በዝናብ እየታጠበ ሰው ወደሚመገበው አትክልት አፈር ይገባል። ጥቅም ላይ ውሎ የተነሣ የመብራት ምሰሶም በመርዛማ ኬሚካል የተነከረ ሊሆን ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

እስካሁን ስለ አጥሩ ተናገርኩ፤ ነገር ግን የአጥሩ ግማሽ ሥራ የሚሠራው ባዶ ቦታው ነው። ፈረስ በ1.40 ሜትር አጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ከአንድ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከአጥሩ እስከ መጀመሪያው መደብ ድረስ ሁለት ሜትር መተው አለበት። ይህ መሬት የባከነ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ለመመላለሻ፣ ፍግ ለማጓጓዝና አጥር ለመጠገን የሚያገለግል ከመሆኑም በላይ የፈረሱን ሕይወት ይጠብቃል። በጓሯችን ያሉ ብዙ ተክሎች ለፈረስ መርዝ ናቸውና። ከሁሉ በፊት አቦካዶ መታሰብ አለበት፤ ቅጠሉ፣ ልጡ፣ ፍሬውና ዘሩ ሁሉ ፈረስን ይጎዳል፣ ፊትና አንገት ያሳብጣል፣ ልብንም ሊያውክ ይችላል። በጅማ ከአጥር አጠገብ አቦካዶ መትከል የተለመደ በመሆኑ፣ ቅርንጫፉ ወደ ማሰማሪያው ያዘነበለ ዛፍ መቆረጥ፣ የረገፈውም ቅጠልና ፍሬ በየጊዜው መለቀም አለበት። የቲማቲምና የድንች ቅጠል፣ የጉሎ ፍሬ፣ አስተናግርና የወፍ ቆሎም ከዚሁ ወገን ናቸው።

በዚህ ምክንያት የሕያው አጥር ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል። ቅንጭብ ቶሎ የሚጸድቅና ርካሽ ቢሆንም ወተቱ ዓይን ስለሚያቃጥል ፈረስ በሚታከክበት ቦታ መተከል የለበትም። የወፍ ቆሎ አበባው ቢያምርም ከነጭራሹ ይነቀል። ኮሽም ፍሬው የሚበላና እሾሁ ጠንካራ በመሆኑ ለአትክልቱ ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን ቦታው ከባዶው ሁለት ሜትር ማዶ፣ በአትክልቱ ጠርዝ ላይ እንጂ በአግዳሚው ሥር አይደለም። ችግኙ በሰኔ መግቢያ ቢተከል ክረምቱ ያጸድቀዋል፤ የእንጨት ሥራው ግን በበጋ ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። ለልጆችና ለጎረቤትም አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል፦ ከአትክልት የተነቀለ አረም፣ የተከረከመ ቅርንጫፍና የታጨደ እርጥብ ሣር ከአጥር በላይ ለፈረስ መወርወር ደግነት አይደለም። መርዝ ባይኖረው እንኳ ተከምሮ የሞቀ ሣር ከባድ የሆድ ቁርጠት ያመጣል።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ማሰማሪያው ከአትክልቱ በላይ እንዳይውል ማድረግ ይመረጣል። ይህ ካልተቻለ በባዶው ቦታ መካከል የጎርፍ ቦይ ቆፍሮ በታችኛው ጠርዙ ላይ የቬቲቨር ሣር በረድፍ መትከል ሽንትና ፍግ የተቀላቀለበት ውኃ በቅጠላ ቅጠሉ ላይ እንዳይፈስ ያግዳል። ቦዩ ከአጥሩ ወደ አትክልቱ ወገን ይሁን እንጂ ፈረሱ በሚረግጥበት በኩል አይሁን።

በሩ ሰው ፈረስ እየሳበ በምቾት እንዲያልፍ ቢያንስ 1.20 ሜትር መስፋት አለበት፤ ጋሪ ወይም ፍግ የጫነ መኪና የሚገባ ከሆነ እስከ 3.5 ሜትር ያስፈልጋል። የሚከፈተው ወደ ማሰማሪያው ወገን ይሁን፤ ፈረሱ ሲገፋው ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። ፈረስ በከንፈሩ ተራ መቀርቀሪያ ማንሸራተት ይማራል፤ ስለሆነም መቀርቀሪያው ፒን ወይም ቁልፍ ይኑረው፣ የሚገኝበትም ቦታ ከአትክልቱ ወገን ይሁን። ከአንድ በላይ ፈረስ ካለ ሹል ማዕዘን አንዱ ሌላውን የሚያጠምድበት ቦታ ስለሚሆን፣ ማዕዘኑን በአንድ ሰያፍ አግዳሚ መዝጋት ይገባል፤ በርም ማዕዘን ላይ አይሠራም።

በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ አጥር ማግኘት የቻለ ሰው ነጭና ሰፊ ጥብጣቡን በላይኛው አግዳሚ ላይ ቢዘረጋ ፈረሱ መደገፉንና ማኘኩን ይተዋል። ነገር ግን የቤት መብራት በቀጥታ ከአጥር ጋር ማገናኘት ሰውም ፈረስም ይገድላል፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ኃይሉን በአጭር ምት ብቻ የሚለቅ መሣሪያ ከሌለ ሐሳቡን መተው ነው።

አትክልቱ የጎረቤት ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወሰኑን አብሮ ለክቶ መስማማት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ እንኳ ቢሆን፣ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የጎረቤትን ጎመን ከመክፈል አንድ አግዳሚ መቀየር ይረክሳል። አጥሩ ከቆመ በኋላ በየሳምንቱ፣ በክረምት ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በእጅ እየነቀነቁ መዞር፣ ብቅ ያለውን ምስማር መልሶ መምታት፣ በቋሚው ሥር አዲስ የምስጥ አፈር መኖሩን ማየትና ፈረሱ ያኘከውን አግዳሚ በዚያው ቀን መቀየር ያስፈልጋል።