ቬገስ ነርቭን በትንፋሽ ማገዝ እንዴት ይቻላል?

ልብን «ቀስ በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ትንፋሽን ግን ይቻላል። ትንፋሽ ረዘም ሲል ልብም ይከተላል። ሁለቱን የሚያገናኘው ቬገስ ነርቭ ነው።

ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አሥረኛው ነው። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት ግራና ቀኝ ይወርዳል። ልብንና ሳንባን አዳርሶ እስከ ጨጓራና አንጀት ይዘልቃል። በመዋጥም፣ ድምፅ በማውጣትም፣ ምግብ በመፍጨትም እጁ አለበት። ብዙ ሰው አንጎል ትእዛዝ የሚልክበት መስመር ብቻ ይመስለዋል። ግን ከክሮቹ 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሥራቸው ሌላ ነው፤ የውስጥ አካላትን ሁኔታ ወደ አንጎል ያደርሳሉ።

መጀመሪያ የልብ ምትዎን ያግኙ። ደገፍ ብለው ይቀመጡ። አንዱን መዳፍ ወደ ላይ አዙረው፣ የሌላኛውን እጅ አመልካችና መሃል ጣት በአውራ ጣቱ በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይለኩ፤ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። አንገትዎንም ጫን አድርገው አይፈልጉ። እዚያ ያለውን የደም ሥር መጫን ልብን ከሚገባው በላይ ሊያዘገይ፣ ራስንም ሊያስት ይችላል።

ከዚያ ምንም ሳይቀይሩ ያዳምጡ። አየር ሲያስገቡ ምቱ ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘግየት ይላል። ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይጎላም፤ ወጣቶች ላይ ይበልጥ ይታወቃል። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፤ የነርቩን ሥራ በገዛ ጣትዎ እየሰሙት ነው። አየር ሲገባ ቬገስ የልብን ልጓም ላላ ያደርጋል፣ ሲወጣ መልሶ ይይዛል። የሚይዘውም አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ሳይንቲስቱ ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ይፋ ባደረገው ሙከራ የአንድ እንቁራሪት ልብ ላይ ያለውን ቬገስ ቀሰቀሰ። ልቡ ዘገየ። በልቡ ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ ለሌላ ልብ ሲሰጠው፣ ያኛውም ዘገየ! በ1936 ከሌላው ሳይንቲስት ሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ።

አሁን ትንፋሹን ያርዝሙ። በአፍንጫዎ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፤ ከደረት ይልቅ ሆድዎ ይነፋ። እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። አንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። ከከበደዎት 3 እና 5 ያድርጉት። ዋናው ነገር ማስወጣቱ ከማስገባቱ መርዘሙ ነው። ብዙ አየር ለመሳብ አይታገሉ፤ ራስ ያዞራል። ካዞረዎት ያቁሙና እንደ ወትሮው ይተንፍሱ።

5 ደቂቃ ለጅምር ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ደም ሲያዩ ወይም ብዙ ሲቆሙ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች አሉ። ቬገስ ልባቸውን በድንገት ያዘገየዋል፣ የደም ግፊታቸውም ይወርዳል። ዓይንዎ ከጨለመና ላብ ላብ ካለዎት ልምምዱን ይርሱት። ወዲያው ጋደም ብለው እግርዎን ከፍ ያድርጉ። ደጋግሞ ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ያለምክንያት የሚሮጥ ልብ ካለ ደግሞ በትንፋሽ ብቻ አያስታግሱት፤ ሐኪም ይየው።