ለአካባቢ ጥበቃ ነጥብ ስንሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

መብራት ላጠፋ፣ በእግሩ ለሄደ፣ ቆሻሻውን ለለየ ሰው በስልክ መተግበሪያ ነጥብና ደረጃ መስጠት መልካም ሐሳብ ነው። ግን ይህን የነጥብ ጨዋታ ጀምረው የሚተዉት ሁሉ ስለሰነፉ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ሊያደክም ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሳይቋረጡ የተከታተሉ ቀናትን ብቻ መቁጠር ነው። አንዲት እናት አርባ ቀን ሙሉ የራሷን የውሃ መያዣ ይዛ ወጣች እንበል። በአርባ አንደኛው ቀን ልጇ ታሞባት መያዣውን ረሳችው። ማታ ስልኳን ስትከፍት ዜሮ ይጠብቃታል። ያ ሁሉ ቀን የት ገባ? በአርባው ቀን ያልተገዛው የፕላስቲክ ጠርሙስ እኮ ዛሬም አልተገዛም! የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ተግባር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ፣ አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን ያን ያህል እንደማይጎዳው አሳይተዋል። ስለዚህ «ከሠላሳው ቀን ሃያ አምስቱን» ብለው ይቁጠሩ፤ ለታመመ፣ ለተጓዘ፣ ለደከመ ሰው ቦታ ይኖረዋል።

ሁለተኛው የሚሸለመውን ነገር መሳት ነው። ለተመለሰ ጠርሙስ ሁሉ ነጥብ ከተሰጠ፣ አሥር ገዝቶ አሥር የመለሰው አሥር ነጥብ ያገኛል፤ ከመጀመሪያውም ያልገዛው ምንም አያገኝም። መኪና የሌለው ሰውም «መኪና ባለመንዳት» ከሚገኘው ነጥብ ይቀራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ቀድሞውንም ቆጥቦ የሚኖረው ሰው ነው የሚረሳው።

ማወዳደርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት፣ ከጎረቤቶቻቸው ያነሰ ኤሌክትሪክ ይጠቀሙ የነበሩ ቤተሰቦች የሰፈሩ አማካይ ሲነገራቸው ፍጆታቸውን ጨመሩ። ከቁጥሩ ጎን የፈገግታ ምልክት የተጨመረላቸው ግን በቁጠባቸው ጸኑ። አንደኛ የወጣውን ከማወደስ ይልቅ እያንዳንዱን ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ማወዳደር ይሻላል።

ሰው ወዶ ለሚሠራው ነገር ሽልማት ቃል መግባትም ፍላጎቱን ሊያቀዘቅዝ ይችላል። ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት ለመሳላቸው ሽልማት ቃል ከተገባላቸው በኋላ የመሳል ፍላጎታቸው መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመ ጥናት ታይቷል። ሽልማቱን ለጅማሬውና ለከባዱ ሥራ ያድርጉት።

በመጨረሻም ማሳሰቢያ አያብዙ፤ በሳምንት አንድ ይበቃል። «ለጊዜው ልረፍ» የሚል ቁልፍም በግልጽ ይቀመጥ፤ ቁልፉን የነካ ሰውም የሰበሰበው ነጥብ አይቀነስበት።