ኢንተርዲሲፕሊነሪ ስተዲስ ያዋጣል ወይ? ከመፈረማችሁ በፊት ዕዳውንና ገቢውን አስሉ

አሜሪካ አዲስ የገቡ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መልሱን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ላስቀምጠው። «ኢንተርዲሲፕሊነሪ ስተዲስ (ከተለያዩ ዘርፎች የተወሰዱ ኮርሶችን አጣምሮ የሚሰጥ ዲግሪ) ብማር ያዋጣኛል?» ሁለት ቁጥሮች ሳታዩ ማንም አይመልስላችሁም፤ ስትመረቁ የሚኖርባችሁን ዕዳ፣ እንዲሁም ከዚያው ኮሌጅ በዚያው ዘርፍ የወጡ ሰዎች የሚያገኙትን ገቢ።

ሁለቱንም የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ኮሌጅ ስኮርካርድ በተባለው ድረ ገጹ በነጻ ያሳያል። የኮሌጁን ጠቅላላ ቁጥር አይታችሁ አትመለሱ፤ ወደ ትምህርት ዘርፉ ዝለቁ። አንዳንዱ ኮሌጅ ይህን ዲግሪ ኢንተርዲሲፕሊነሪ ብሎ፣ ሌላው ከጄኔራል ስተዲስ (አጠቃላይ ትምህርት) ጋር ደባልቆ ስለሚያስመዘግበው የእናንተው የት እንዳለ ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

የምታዩት ገቢ ግማሹ ተመራቂ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኝበት መካከለኛ ቁጥር ነው። የሚቆጠሩት የፌዴራል እርዳታ ወይም ብድር የወሰዱ ተማሪዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ዕዳው ላይም የግል ባንክ ብድር አይገባም። በዚህ ዲግሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ዓመታት ሠርተው፣ የተበታተነ ክሬዲታቸውን ሰብስበው ለመመረቅ የሚመለሱ አዋቂዎች ናቸው። ደመወዛቸውን ያመጣው የቆየ የሥራ ልምዳቸው ሊሆን ይችላል። የ19 ዓመት ልጅ ያንን ቁጥር የራሱ አድርጎ መበደር የለበትም።

በወላጅ ስር ያለ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር መበደር ይችላል፤ ጣሪያው 31,000 ዶላር ነው። ይህ አልበቃ ካለ ወደ ወላጅ ብድርና ወደ ግል ባንክ ይገፏችኋል። እዚያ ከመድረስ ኮሌጁን ቀይሩ፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ክፍያው አነስተኛ የሆነ የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ) መጀመር አያሳፍርም። አጠቃላይ ዕዳ ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ መብለጥ የለበትም ይባላል። ለዚህ ዲግሪ ግን ከግማሹ ባይበልጥ እላለሁ፤ ምክንያቱም ቀጣሪው ምን እንደተማራችሁ ከስሙ አይረዳም። ስታቲስቲክስን ከኅብረተሰብ ጤና ጋር እንደማጣመር ያለ ግልጽ ዓላማ ካላችሁ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

አሁን እኔው ወደወደቅሁበት ወጥመድ ልምጣ። አንድ የኮሌጅ አማካሪ «ክሬዲትህ ተበታትኗል፤ በኢንተርዲሲፕሊነሪ ቶሎ ተመረቅና ከዚያ ነርሲንግ ትገባለህ» አለኝ። ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ፔል ግራንት፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው እርዳታ፣ በመሠረቱ የመጀመሪያ ዲግሪ (ባችለር) ለሌለው ሰው የሚሰጥ መሆኑን ነው። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው፤ የማይመለስ ገንዘብ ነው! የመጀመሪያውን ዲግሪ በያዛችሁ ዕለት በሩ ይዘጋል፤ ነርሲንጉን በብድር ትማራላችሁ። የብድሩ ጣሪያም እንደ አዲስ አይጀምርም፤ ለመጀመሪያው ዲግሪ ወስዳችሁ ገና ያልከፈላችሁት ሁሉ ተደምሮ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የመጨረሻ ግባችሁ ነርሲንግ ወይም ሒሳብ አያያዝ ከሆነ በቀጥታ ወደዚያው ግቡ። «መጀመሪያ ማንኛውንም ዲግሪ ያዝ» የሚላችሁን አማካሪ፣ የፔል ግራንት ጉዳይ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ ጠይቁት።

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁም አትዘናጉ፤ እሱም ባብዛኛው እንደ መጀመሪያ ዲግሪ ይቆጠራል። «ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ) ላይ ደብቀው» የሚሉ ወገኖች አሉ። አትስሟቸው። ሐሰተኛ መረጃ መስጠት እስከ 20,000 ዶላር ቅጣትና እስር ያስከትላል። ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግሙና ማስተርስ ወይም የሙያ ፈቃድ ፈልጉ፤ ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ለብዙዎቻችሁ ኪሳራ ነው።

ሥራ ሲበዛ ኮርስ የምትጥሉም ተጠንቀቁ። ከግማሽ የትምህርት ጭነት በታች ከወረዳችሁ ብድሩን መክፈል ከመጀመራችሁ በፊት የሚሰጣችሁ የ6 ወር የእፎይታ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወሩም ብድሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት አዲሱን አድራሻ በዚያው ሳምንት አሳውቁ። ደብዳቤው አልደረሰኝም ማለት አያድንም፤ 270 ቀን ሳይከፈል ካለፈ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዛችሁ እስከ 15 በመቶ ሊቆርጥ፣ የታክስ ተመላሻችሁንም ሊይዝ ይችላል።